ጨዋታና ደመወዝ

ለሥራ ደመወዝ ይገባዋል። የሠራ ሰው የድካሙን ዋጋ ሳይጎድልበት ሊቀበል ይገባል፤ ይህን የሚከለክል ግፈኛ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ ደመወዝ የማይስማማቸው፣ ዋጋ የተቆረጠላቸው እንደ ሆነም መልካቸው የሚለወጥ ነገሮች አሉ። ወዳጅነት አንዱ ነው፤ ጨዋታም አንዱ ነው። ለእናንተ ለወጣቶች ዛሬ ስለ ጨዋታ ልጽፍ ያሰብሁት፣ በገዛ ቤቴ በተናገርሁት አንድ የስሕተት ቃል ምክንያት ነው።

የምኖረው በጊንጪ ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ናት፤ የአዋሽ ወንዝም የሚነሣው ከእኛው አቅራቢያ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የልጄ ልጅ ጥናቱን ጨርሶ በስልኩ ጌም ይጫወት ነበር። መነጽሬን አድርጌ ቀረብ ብዬ ብመለከት፣ አንድ ትንሽ ሰው ከወንዝ ዳር ቆሞ ዓሣ ያጠምዳል። ቡናዬን ጠጥቼ ብመለስ ያው ሰው በዚያው ወንዝ ዳር እንደ ቆመ ነው።

«ስንተኛ ደረጃ ደርሰሃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አላየሁትም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ታገኝበታለህ?»

«ምንም አላገኝም። ዓሣ እያጠመድሁ ነው።»

«ያጠመድኸውንስ ምን ታደርገዋለህ?»

«አንዳንዱን እጠብሰዋለሁ፤ ብዙው ያርብኛል። የቀረውን ለሚያልፍ ሰው እሰጣለሁ።»

ተቆጣሁ። ሰው ጊዜውን ሲያጠፋ እንኳ ለአንድ ነገር ያጠፋል እንጂ እንዲሁ በከንቱ አያጠፋም አልሁት። ጓደኞቹ በዚያው ጌም ከፍ ያለ ደረጃ ደርሰው ሳለ እርሱ ከወንዝ ዳር መቅረቱንም ነቀፍሁበት። ልጁ ስልኩን አጥፎ አስቀመጠና አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ግን ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ።

ይህ አጭር መልስ እንቅልፍ ነሣኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጆች ያስተማርሁ ሰው፣ አንድን ልጅ ስለ ጨዋታው ትርፉን አስቆጥረዋለሁን? ደግሞስ ከፍ ያለ ደረጃ ደርሶ ቢሆን ኖሮ አመሰግነው ነበርን? ማመስገኔ የማይቀር ነበር። ያን ጊዜ ስሕተቱ የልጁ ሳይሆን የእኔ መሆኑን መጠርጠር ጀመርሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ያላነበቡትን መጽሐፍ መንቀፍ ነውር መሆኑን ተምሬ ነበር። ያልተጫወቱትን ጌም መንቀፍም ከዚሁ የሚቆጠር ስለ መሰለኝ፣ በማግስቱ ልጁን ይቅርታ ጠይቄ አስተማሪዬ እንዲሆን ለመንሁት። ለጥቂት ሳምንታትም እርሱ እያሳየኝ እኔ ተጫወትሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በወሬ የሰማሁትን አይደለም።

ጌሙ ሩንስኬፕ ይባላል። አንድሩ ጋወር የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ከወንድሞቹ ጋራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ነው። ልጁ የሚጫወተው የቀድሞውን መልክ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተውን ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የሚባለውን ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በስልክ ይሠራል። የዘሩ አባት ግን ከዚያ በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾ የሚባል ተማሪ ጀምሮት፣ ሪቻርድ ባርትል የሚባለው ጓደኛው ያስፋፋው ጨዋታ ሥዕል እንኳ የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ነበር። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ሰው ለራሱ ሌላ ስምና ሌላ መልክ ይሰጥና፣ በሩቅ አገር ከተቀመጡ ሰዎች ጋራ በአንድ የሐሳብ አገር ውስጥ ይኖራል።

በዚህ አገር ውስጥ ተጫዋቹ እንጨት ይቈርጣል፣ እሳት ያነድዳል፣ ማዕድን ይቈፍራል፣ ዓሣ ያጠምዳል፤ ደፋር የሆነም ከዘንዶ ጋራ ይዋጋል። መጀመሪያ ከተላክሁባቸው መልእክቶች አንዱ፣ ለጌታው የልደት ቀን ኬክ መጋገር የቸገረውን ወጥ ቤት መርዳት ነበር። ለእርሱም እንቁላል ፈለግሁለት፤ ላም አለብሁለት፤ ስንዴ ለቅሜ በነፋስ ወፍጮ አስፈጭቼ ዱቄቱን አመጣሁለት። በእርሻ አገር ያደግሁ ሰው ስሆን ላሟን ለማለብ እንዴት እንደ ተቸገርሁ ልጁ አይቶ ከሣቁ ብዛት እንባው ወረደ። እኔም ሣቅሁ። በቤታችን ሁለታችን እንዲህ አብረን ከሣቅን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር።

ስለዚህ የዚህን ጌም በጎነት አስቀድሜ እመሰክራለሁ። ማንም ተጫዋቹን አያጣድፈውም፤ ዛሬ ይህን ሥራ፣ ነገ ያን ሥራ ብሎ አያዝዘውም። መንገዱን የሚመርጠው ራሱ ነው። ገንዘብ በየወሩ የሚከፍሉ ሰዎች ሰፋ ያለ አገር ቢከፈትላቸውም፣ የማይከፍለውም ልጅ የሚበቃው ያህል አለው። ቀልዱ ያማረ ነው፤ ልጁም በዚያ ሰበብ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃል ተምሯል።

ጌሙ ግን ከወንዙና ከጫካው በስተጀርባ የሂሳብ መዝገብ አለው። ለእያንዳንዱ ሥራ ነጥብ ይቈጠራል፤ ነጥቡም ሲጠራቀም ደረጃ ይሆናል። ደረጃው እስከ 99 ይደርሳል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለመውጣት 83 ነጥብ ብቻ ይበቃል፤ 99ኛው ደረጃ ለመድረስ ግን 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። 92ኛ ደረጃ የደረሰ ሰው ሊጨርስ ጥቂት የቀረው ይመስለዋል፤ በነጥብ ሲቈጠር ግን ገና የመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው። የልጄ ልጅ ከሚያጠምዳቸው አንዱ ዓሣ 50 ነጥብ ያስገኛል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደማደርገው በእርሳስ ባካፍለው፣ በዚያ ዓሣ ብቻ 99ኛው ደረጃ ለመድረስ ከ260 ሺህ በላይ ዓሣ ማጥመድ ያሻል።

የዚህን መዝገብ ኃይል በራሴ ላይ አየሁት። የመጀመሪያውን ደረጃ በእንጨት ቈረጣ ባለፍሁ ጊዜ ሙዚቃ ተሰማ፤ በትንሹ ሰው ራስ ላይም ርችት ተተኰሰ። በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ዘለለች። ከዚያ በኋላ ግን ዛፉን ማየት ተውሁ፤ የማየው ቍጥሩን ብቻ ሆነ። ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ሄደን ገበያውን እንይ ቢለኝ፣ «ቈይ፣ ጥቂት ነጥብ ቀርቶኛል» አልሁት። እንግዲህ በገዛ ፈቃዱ የቀን ሠራተኛ የሆነው እኔ ነበርሁ፤ ልጁ ግን ገና እየተጫወተ ነበር።

ከላይ ስሙን የጠራሁት ሪቻርድ ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚገኙትን ሰዎች በአራት ወገን ከፍሏቸዋል። አንዱ ነጥብና ማዕርግ የሚሰበስብ ነው፤ ሁለተኛው አገሩን ዞሮ የሚመረምር ነው፤ ሦስተኛው ከሰው ጋራ ለመነጋገር የሚገባ ነው፤ አራተኛው ሌላውን ለማጥቃት የሚሻ ነው። አራቱም በአንድ አገር ውስጥ ይኖራሉ። እኛ ታላላቆች ግን የመጀመሪያውን ብቻ ጎበዝ ስንለው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሥራ ፈት እንላቸዋለን።

ይህን ስጽፍ ከመምህርነቴ ዘመን አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ስናገረውም አፍራለሁ። ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት የተረት መጻሕፍት የተቀመጡበት አንድ ቁም ሣጥን ነበር። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት እየመጡ ይወስዱ ነበር፤ ያነበቡትንም ከዛፍ ሥር ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ይተርኩ ነበር። እኔም ይህን በጎ ነገር የበለጠ ላስፋፋው ብዬ፣ በወሩ ውስጥ ብዙ መጽሐፍ ላነበበ ልጅ አንድ እስክሪብቶና አንድ ደብተር እሸልማለሁ ብዬ ዐወጅሁ። በዚያ ወር ቁም ሣጥኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ተወሰደ። ነገር ግን አስቀድሞ ያለቁት ቀጫጭኖቹ መጻሕፍት ነበሩ። ከዛፉ ሥር የሚተርክ ጠፋ፤ ስንት ጨረስህ፣ ስንት ጨረስሽ የሚል ክርክር ግን በዛ። ደብተር መግዣ አጥቼ ሽልማቱን ባቆምሁ ጊዜ፣ መጽሐፍ የሚጠይቀኝ ልጅ በጣት የሚቈጠር ሆነ። ቀድሞ በነጻ ይወዱት የነበረውን ነገር እኔ ዋጋ ሰጥቼ አራከስሁባቸው።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የሚባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአሜሪካ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ወገን ከፈሉ። ለመጀመሪያዎቹ ብትሥሉ ጥብጣብ ያለው የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን ብለው አስቀድመው ነገሯቸው፤ ለሁለተኛዎቹ ሳያስቡት ከሣሉ በኋላ ሰጧቸው፤ ለሦስተኛዎቹ ምንም አልሰጡም። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙን በክፍላቸው አስቀምጠው ቢመለከቱ፣ ሽልማት ተስፋ አድርገው የሣሉት ሕፃናት ለሥዕል የሰጡት ጊዜ የሌሎቹን እኩሌታ ያህል ብቻ ሆነ። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን አልተጎዱም። እንግዲህ የሚጎዳው ስጦታው ራሱ ሳይሆን፣ ሰው ለስጦታው ብሎ መሥራቱ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያለ ጥናት የሚያውቁት ይመስለኛል። ገበጣን ተመልከቱ፤ ልጆች መሬቱን ቈፍረው፣ ጠጠር ለቅመው ይጫወታሉ፤ ሲመሽ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ጠጠሩን እዚያው ጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቀድሞውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ ከመጀመሪያው መማረክ በፊት ወረራ የሚባል ጊዜ ነበረው፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ወደዱ ድንጋያቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። በመጨረሻም ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን ንጉሡ በየትኛው ድንጋይ እንደ ተያዘ ይታይ ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ሲባልም፣ በዚያች ቀን ሎሌና ጌታ እኩል ዱላ ይዘው በአንዲት ሩር ላይ ይራኰታሉ ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ ማሸነፍ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ድሉ ከሜዳው ወደ ቤት አይወሰድም።

ለጨዋታ ደመወዝ ሲቈረጥለት ወዴት እንደሚደርስ ደግሞ እዩ። የቬኔዝዌላ ኢኮኖሚ በወደቀ ጊዜ፣ በዚያ አገር ብዙ ሰዎች በዚሁ በሩንስኬፕ ቀኑን ሙሉ ዘንዶ እየገደሉ፣ ያገኙትን የጨዋታ ወርቅ ለባዕዳን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጡ ነበር፤ ይህም በጌሙ ሕግ የተከለከለ ነው። እነዚህን ሰዎች አልፈርድባቸውም፤ የተራበ ሰው ባገኘው መሬት ያርሳል። ለእነርሱ ግን ያ ነገር ጨዋታ አልነበረም። በእኛም ከተሞች ባለፉት ዓመታት የተስፋፉትን የኳስ ውርርድ ቤቶች ታውቃላችሁ። በኪሱ የውርርድ ወረቀት ይዞ ኳስ የሚያይ ወጣት፣ ያማረ ግብ ሲገባ የሚደሰተው ወረቀቱን ካየ በኋላ ነው። ሌሎቹም የስልክ ጌሞች እንዲሁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በየቀኑ ለከፈታቸው ሰው ስጦታ ይሰጣሉ፤ አንድ ቀን የቀረ እንደ ሆነ ይነሡታል። እኔ በመሥሪያ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለውን ነገር የሰዓት ፊርማ እንለው ነበር እንጂ ጨዋታ አንለውም ነበር።

እናንተ የዚህ አገር ልጆች፣ ይህ የሽማግሌ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ የከተማችንን ነገር ላስታውሳችሁ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጥተው ነበር። ምክንያቱም የኳስ ሜዳቸው ለባለ ሀብት መሰጠቱና የጭልሞ ደን ጉዳይ ነበር። ከዚህች ትንሽ ከተማ የተነሣው ተቃውሞ፣ የአዲስ አበባን ዙሪያ በሚመለከተው ማስተር ፕላን ላይ ከነበረው ቅሬታ ጋራ ተገናኝቶ በኦሮሚያ ሁሉ ተስፋፋ። መንግሥት በጥር ወር ማስተር ፕላኑን መተዉ ተነገረ፤ ተቃውሞው ግን አልቆመም። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ታሰረ። ነገሩ ከሜዳ እጅግ የበለጠ ነገር ነበረበት፤ ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን መጀመሪያው ላይ የልጆች መጫወቻ ሜዳ እንደ ነበረ መርሳት አይገባም።

የኳስ ሜዳ በሂሳብ ሰው ዓይን ምንድን ነው? እህል አይዘራበት፣ ቤት አይሠራበት፣ ኪራይ አይገኝበት። «ይህ ሜዳ ምን ያስገኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ምንም አያስገኝም። ምንም የማያስገኝ ነገር ደግሞ ለሚያስገኝ ሰው ቢሰጥ ምን ክፋት አለው ይላል። እኔም በዚያ የዝናብ ማታ የልጄን ልጅ የጠየቅሁት ይህንኑ ጥያቄ ነበር። በሜዳው ጊዜ ያዘንሁ ሰው፣ በገዛ ቤቴ የአንድን ልጅ ትንሽ ሜዳ ልወስድበት እጄን ዘርግቼ ነበር። ሜዳው የስልክ መስታወት ያህል ቢሆንም ሜዳ ነው።

እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ፣ «ታዲያ ልጆች ቀንና ሌሊት ስልክ ላይ ተተክለው ይቅሩን?» ቢለኝ፣ አይቅሩ እላለሁ። ለደስታ የሚጫወትም ሰው ጊዜ ይሰርቃል፤ ጥናቱን የተወ ልጅ ጨዋታዬ ንጹሕ ነው ቢል አይረዳውም። የኢንተርኔቱም ዋጋ የሚከፈለው ከአባትና ከእናት ላብ ነው። ነገር ግን በቤቴ እንዳየሁት፣ እናቱ ለእራት ስትጠራው ቶሎ የሚነሣው ወንዝ ዳር የቆመው ነበር፤ «ጥቂት ቆዩኝ» የሚለው ነጥብ ቈጣሪው፣ ይኸውም እኔ ነበርሁ። የሚጨርሰው ነገር የሌለው ሰው በማናቸውም ሰዓት ሊያቆም ይችላል። ሽልማት የሚጠብቅ ሰው ግን ሽልማቱ የእርሱ ጌታ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስትጫወቱ ራሳችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ነጥቡ ቢጠፋ ነገ እመለስበታለሁን? ሰው ሲጠራኝ ሳልቆጣ እነሣለሁን? ከእኔ የሚያንሰውን ተጫዋች ስናገኝ አብሬው እሥቃለሁን ወይስ እንቀዋለሁ? ለሦስቱም መልሳችሁ ያማረ ከሆነ እየተጫወታችሁ ነው፤ ተጫወቱ። መልሳችሁ ያላማረ እንደ ሆነ ግን ያለ ደመወዝ ተቀጥራችኋልና ሥራውን ልቀቁ።

ለእኔ ብጤ ታላላቆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ ከጨዋታ ሲመለስ «ስንት አገባህ? ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት፣ ምን እንዳየ ጠይቁት። እኔ በዚያ ሰሞን ይህን ጥያቄ ሞከርሁት። ልጁም ከወንዙ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ አንድ የማያውቀው ሰው አጠገቡ መጥቶ ቆሞ፣ የአገርህ ወንዝ ማን ይባላል ብሎ እንደ ጠየቀው ነገረኝ።

«ምን አልኸው?» ብለው፣

«አዋሽ አልሁት። ከቤታችን አጠገብ ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ በበረሃ እንደሚቀርም ነገርሁት። እርሱም ሊያየው እንደሚፈልግ ነገረኝ» አለኝ።

የእኔ ሰው ከዚያ ወዲህ ዛፍ መቍረጡን ትቷል። ደረጃው የት እንደ ቆመ አላስታውስም። ማታ ማታ ልጁ ጥናቱን ሲጨርስ ለግማሽ ሰዓት ያህል አብሬው ከወንዙ ዳር እቆማለሁ፤ ያጠመድሁትም ዓሣ ብዙውን ጊዜ ያርብኛል።